አያ ኑሀ ምርቃታቸውን ያነሡበት ቀን

አረፋ በዋለ በሳምንቱ፣ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ረቡዕ ማለዳ ላይ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ከሀሮ ዲማ ተነሥታ ወደ ቆቦ ትበር ነበር። ትበር ነበር ማለቱስ ማጋነን ነው። ያ መንገድ በጦርነቱ ጊዜ ስንት ከባድ መኪና የተመላለሰበት ነውና፣ ባጃጇ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለች፣ ሾፌሩ እየተራገመ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ተሳፋሪዎች ደግሞ አናታቸውን ከሸራው ብረት ጋር እያጋጩ ነበር የሚሄዱት።

አንደኛው ተሳፋሪ አያ ኑሀ ናቸው፤ የሀሮ ዲማ የውሃ አባት። የውሃ አባትነት በዚያ ቆላ ትልቅ ሹመት ነው። ደሞዝ የለውም፤ ማኅተምም የለውም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው የዲማ ወንዝ ጎርፍ በክትር ተጠልፎ ወደ ማሽላው ሲገባ፣ ለማን መጀመሪያ ለማን በኋላ፣ የት ይከፈት የት ይዘጋ የሚሉት እሳቸው ናቸው። ክትር በሚሠራበት ቀን መርቀው የሚያስጀምሩትም እሳቸው ናቸው። ያለ ውሃ አባት ምርቃት በክትር ላይ አካፋ ያነሣ ሰው በሀሮ ዲማ ታይቶ አይታወቅም። አባታቸውም አያታቸውም በዚሁ ሹመት ኖረው ሞተዋል። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለዚህ መንገድ ብለው ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ባለ መስመር ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ለአረፋ የተገዛላቸውን ሸሚዝ ለብሰዋል።

ሁለተኛዋ ኡሙሰልማ ናት። ባሏን ጦርነቱ የበላባት፣ ከአራት ልጆች ጋር የቀረች ሴት ናት። ቤቷ ከክትሩ ሥር የመጀመሪያው ቤት ነው። ምላሷ ስል ነው ይሏታል፤ እንደ እሷ የተቃጠለ ሰው ምላሱ ቢሳል አይገርምም።

«ደመናውን አዩት፣ አያ ኑሀ?» አለች በሸራው ቀዳዳ ወደ ተራራው እያመለከተች።

«አይቻለሁ።»

«ዛሬ ይወርድ ይሆን?»

«ዛሬም ይሆናል፣ ነገም ይሆናል። አላህ ያውቃል።»

ነገም ይሆናል ያሉት ሊያጽናኗት ብለው ነው። ተራራው ሦስት ቀን ሙሉ ጠቁሮ እንደዋለ እሳቸው ያውቃሉ። ዛሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ሁለት ክረምት የሀሮ ዲማ ሰው ግማሹ ሸሽቶ፣ ግማሹ ተደብቆ ከርሞ ክትሩን የነካው አልነበረም። ከባድ መኪኖች በላዩ ተሻግረው ወገቡን ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ ዲማ ወንዝ ፊቱን ከማሽላው ወደ መንደሩ አዞረ። ባለፈው ክረምት ስድሳ ከሚሆኑት ቤቶች አሥራ አንዱን ወሰደ፤ ዘንድሮ በቀሩት ቤቶችና በወንዙ መካከል ያለው የሰው ቁመት የማይሞላ የአሸዋ ቁልል ብቻ ነው። ድሮ ቢሆን አርባ ጥማድ በሬ ተጠምዶ አሸዋውን ይጎትት ነበር። አሁን በሬው የታረደው ታርዶ፣ የተነዳው ተነድቶ፣ በመንደሩ ሦስት ጥማድ አይሞላም። አንድ ዶዘር ሁለት ቀን ቢሠራ ግን ይበቃ ነበር። ዶዘሩም ሩቅ አይደለም፤ ለወንዝ ሥራ የመጣ ቢጫ ዶዘር ቆቦ ከተማ፣ የወረዳው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ታዲያ ለምን አልመጣላቸውም? የአያ ኑሀን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነው።

ግንቦት አሥር ቀን የዚያው መሥሪያ ቤት ሹማምንት በሁለት ላንድክሩዘር ሆነው ሀሮ ዲማ ድረስ መጥተው ነበር። የመጡት የኅብረተሰቡን ቅሬታ ለመስማት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከጦርነቱ ወዲህ አልታየምና መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው። ፍየል ታረደ፤ ወተት ቀረበ፤ ለማደሪያቸው ሦስት ቤት ተጠርጎ አዲስ ሰሌን ተነጠፈ። በሀሮ ዲማ ወግ እንግዳ በመጣበት ቀን ወቀሳ አይነገረውም። የመጀመሪያው ቀን የምርቃት ነው። እንግዳው በልቶ፣ ተመርቆ፣ አድሮ፣ በማግሥቱ ፊቱን ሲታጠብ ነው «እንግዲህ የኛ ነገር እንዲህ ነው» የሚባለው። በዚህ ወግ ደም እንኳ ታርቆበታል።

ስለዚህ አያ ኑሀ ተነሥተው መረቁ። እንደዚያ ቀን አድርገው መርቀው አያውቁም። «መምጣታችሁ ደስታችን ነው። እጃችሁ ይባረክ፣ ሹመታችሁ ይለምልም፣ ልጆቻችሁ ይደጉ። ኸናንተ ክፉ አላየን፣ ክፉም አያሳየን» አሉ። ሕዝቡ «አሚን» አለ። ኡሙሰልማ መሐል ላይ ብድግ ብላ ስለ ክትሩ ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን አያ ኑሀ እጃቸውን አነሡባት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ነገ» አሏት። ቁጭ አለች።

ነገ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለላቸው፤ ሹማምንቱ የቀረበላቸውን አመስግነው፣ አያ ኑሀን ወረቀት አስፈርመው መኪናቸውን አስነሡ። ያን ጊዜ ሮጦ የመኪናውን መስኮት መያዝ ይቻል ነበር። ማን ይድፈር? ገና የተመረቀ እንግዳ በጩኸት አይሸኝም። መንደሩ «ሳያድሩ የሄዱት ሊመለሱ ነው» ብሎ ሰሌኑን ሳያነሣ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ከዚያ ሰው ላከ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ደግሞ ላከ። «መስክ ወጥተዋል» ተባለ። ኡሙሰልማ አንድ ቀን የአያ ኑሀ ደጃፍ ላይ ቆማ «ጅብ ኸሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ የኛ ነገር» አለቻቸው። እነሆ ሰባት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ ዛሬ እሳቸው ራሳቸው እየሄዱ ነው።

ቆቦ ሲገቡ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ፈተሻቸውና አስገባቸው። ቅሬታ የሚቀበለው ሹም አቶ አላምረው ይባላል፤ ከደጋው የመጣ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ያን ቀን ሀሮ ዲማ ከመጡት አንዱ ነበርና አያ ኑሀን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

«አያ ኑሀ! አባቴ፣ ያ ምርቃትዎ እኮ እኔ ቤት ደርሷል። ትንሿ ልጄ ስድስት ወር ታማብኝ ነበር። ከእናንተ ዘንድ በተመለስኩ በሳምንቱ ተነሥታ በእግሯ ሄደች። ለሚስቴ ‹የሀሮ ዲማ ሽማግሌ አፍ ነው› አልኳት።»

«አላህ ያሳድግልህ፣ ልጄ» አሉ አያ ኑሀ። ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸውም አሳፈራቸው።

ኡሙሰልማ አልጠበቀችም። «ጌታው፣ እኛ ለውለታ አልመጣንም። ክትሩ ተሰብሯል። ወንዙ ዛሬ ማታ ኸላያችን ላይ ነው። ያንን ቢጫ ዶዘር ስጡን» አለች።

አላምረው ግራ ተጋባ። «ክትሩ? ስለ ክትር እኮ አልነገራችሁንም።» ከዚያ ወደ ጎረቤት ክፍል ተጣርቶ «ፀዲ፣ የሀሮ ዲማን ቃለ ጉባኤ አምጪልኝ» አለ።

ፀዲ ጸሐፊዋ ናት። ክላሰሩን ይዛ መጣችና ቆማ አነበበች። ድምፅዋ የትምህርት ቤት ልጅ ድምፅ ነው። «የኅብረተሰቡ ተወካይ አቶ ኑሀ ከመሥሪያ ቤቱ ክፉ ነገር አለማየታቸውን ገልጸው ምርቃትና ምስጋና አቅርበዋል። ተሰብሳቢውም በአንድ ድምፅ ደግፏል። የቀረበ ቅሬታ፦ የለም።» ከሥሩ የአያ ኑሀ የጣት አሻራ አለ።

«ያሉትን ነው የጻፍኩት» አለች ፀዲ፣ ማንም ሳይከሳት።

«አዎ፣ ልጄ። ያልኩትን ነው የጻፍሽው» አሉ አያ ኑሀ። ተቀመጡ። ወጉን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ እንግዳ በመጣበት ቀን ወቀሳ እንደማይነገር፣ ነገሩ ለንጋት እንደተቀመጠ፣ ንጋት ሳይሆን እንግዶቹ እንደሄዱ። ለአላምረው ገባው። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዶዘሩ የሚመደበው ቅሬታ ላለው ቀበሌ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ቀበሌ ሁሉ ጮኾ፣ ተሳድቦ፣ ሦስት አራት ገጽ አስጽፎ ተራ ይዟል። የናንተ ‹ቅሬታ የለም› ይላል። ይህ ወረቀት እያለ እኔ ዶዘር ልስጥ ብል አልችልም። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፣ አባቴ። እርስዎ ያን ምርቃትና ምስጋና ማንሣትዎን በጽሑፍ ይስጡኝ። ያኔ ቃለ ጉባኤው ይሻራል።»

«ማንሣት?»

«ሰርዤዋለሁ፣ አንስቻለሁ ማለት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ለተራ ቃል ነው። ምርቃት ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። ሕዝብ «አሚን» ካለበት በኋላ የመራቂው አይደለም። አባታቸው ሹመቱን ሲያስረክቧቸው የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሰጠኸውን ምርቃት የወሰድክ ቀን አፍህ ከሌላው ሰው አፍ አይለይም፤ ያን ቀን ኸክትሩ ላይ ውረድ።» ይህን ለዚህ ደግ ሹም እንዴት ብለው ይንገሩት?

«ትንሽ ልውጣ» አሉ።

ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ተቀመጡ። ኡሙሰልማ ተከትላቸው መጥታ ፊታቸው ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

«አንቱ፣ ምን ያስባሉ?» አለች።

«ኡሙሰልማ፣ ይኸ እኮ ሌላ ነገር ነው። ይኸን ኻደረግኩ እኔ የውሃ አባት አይደለሁም።»

«ውሃው ኸወሰደንስ የማን አባት ሊሆኑ ነው?» አለች። «ያን ቀን ልናገር ብዬ ተነሥቼ ነበር። እጅዎን አነሡብኝ። ወላሂ፣ ባሌ እንኳ በሕይወቱ እንደዚያ ዝም አሰኝቶኝ አያውቅም። ስላከበርኩዎ ተቀመጥኩ። አሁን አራት ልጅ ኸቤት ትቼ ነው የመጣሁት። ወግዎን ጠብቀው እኔን ይቀብሩኛል?»

አያ ኑሀ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀመጡ፤ ጥላው ከእግራቸው ሸሽቶ ፀሐይ እስኪያገኛቸው ድረስ። በዚህ መሐል የግቢው የኋላ በር ተከፍቶ አንድ ረጅም ተጎታች መኪና ቢጫውን ዶዘር በሰንሰለት አስሮ ጭኖ፣ አቧራውን እያስነሣ ወጣ። አያ ኑሀ ሲያዩት ልባቸው ዘለለ። መኪናው ተዘጋጅቶላቸዋል ማለት ነው፤ የሚጠበቀው የእሳቸው ጣት ብቻ ነው። «አላህ መንገዱን እያሳየኝ ነው» አሉና ተነሡ።

ፀዲ ወረቀቱን በኮምፒውተር ጽፋ አመጣች። «ግንቦት 10 ቀን በስሜ የተመዘገበውን ምርቃትና ምስጋና ሙሉ በሙሉ አንስቻለሁ» ይላል። አላምረው ወረቀቱን ወደ እሳቸው ሊገፋ ሲል እጁ መሐል ላይ ቆመ።

«አያ ኑሀ» አለ፣ ፀዲ እንዳትሰማው ዝቅ ብሎ። «ለልጆቻችን ያሉት... እሱ ከዚህ ውስጥ አይገባም፣ አይደል?»

አያ ኑሀ ዓይን ዓይኑን አዩት። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ለማጽናናት ብለው ጠዋት ዋሽተዋል። አሁን ግን አልሆነላቸውም።

«ምርቃት አይከፋፈልም፣ ልጄ። አንድ ነው።»

አላምረው ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ሊከት እንደፈለገ በግልጽ ይታይበት ነበር። ከዚያ ኡሙሰልማን አየ። ቀለሙን ከፍቶ ወደ አያ ኑሀ አቀረበ። አያ ኑሀ «ቢስሚላህ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ለዚህ ነገር ቢስሚላህ ማለት ከበዳቸው፤ ዝም ብለው አውራ ጣታቸውን ነከሩና አሳረፉ። አላምረው ማኅተሙን አንሥቶ መታበት። ፀዲ ቁጥር ሰጥታ፣ መዝግባ፣ ይዛው ወጣች።

«እንግዲህ ዶዘሩን አሁኑኑ ላስወጣ» ብሎ አላምረው ወደ ግቢው ሮጠ። ሲመለስ ሩጫው ጠፍቶ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

«ሄዷል።»

«ወዴት?» አለች ኡሙሰልማ።

«በዋጃ በኩል ወዳለው ቀበሌ። እዚያ ያሉት ተራቸውን ይዘው ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቶ እየጠበቀው ነው። ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ ወረቀቱን ይዤ ብደርስ አስቀረው ነበር። አሁን ልመልስ ብል አይለቁኝም፤ የነሱም ቤት በወንዝ አፍ ላይ ነው።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ሐምሌን እዚያ ይቆያል። ለነሐሴ እናንተን አስመዘግባለሁ።»

ለነሐሴ! ኡሙሰልማ ሳቀች፤ የምትስቅ ሴት ሳቅ አልነበረም። አያ ኑሀ ግን ከኒሙ ሥር ሆነው ያዩት መኪና፣ ልባቸው የዘለለበት መኪና፣ በዓይናቸው ላይ ቆሟል። ራሳቸውን ያን ያህል ጠልተው አያውቁም።

«እንግዲያው ወረቀቴን መልስልኝ» አሉ።

«የቱን?»

«ምርቃቴን ያነሣሁበትን። ዶዘሩ ኸሌለ እሱም አይኑር። ቅደደው።»

አላምረው እሱም ይህንን ይፈልግ ነበር። ወደ ፀዲ ክፍል ገብቶ ሲለምን፣ ሲቆጣ፣ እንደገና ሲለምን ተሰማ። ባዶ እጁን ተመለሰ። «ወጪ ሆኗል። ለበላይ ተልኳል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይመለስም፣ አባቴ።» ከዚያ እንደ ሕፃን «ሌላ ይመርቁን እንጂ፤ አዲስ ይመርቁን» አላቸው።

«ኸየት አምጥቼ፣ ልጄ?» አሉ አያ ኑሀ።

ወደ ሀሮ ዲማ ሲመለሱ ተራራው ከነጭራሹ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች ዝናብ ለብሷል። ቆላው ላይ ግን ጠብታ አልወረደም፣ ፀሐዩም አላነሰ። ዲማ ሁልጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ የታችኛው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ነው የላይኛው ሰው ዝናብ የሚወስደው።

ክትሩ ጋ ሲደርሱ መንደሩ ተሰብስቦ አገኙት። ወንዶቹ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጠው ከምረዋል፤ ሴቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ሞልተዋል። ዶዘር ባይመጣ እንኳ የቻልነውን ያህል ብለው ነው። ሥራው ግን አልተጀመረም። ሁሉም አካፋውን ተመርኩዞ የውሃ አባቱን ይጠብቃል። የጎበዝ አለቃው ሙህሲን ከባጃጇ ኋላ ምንም እንዳልተከተለ አይቶ ሁሉን ተረድቶ ነበርና ስለ ዶዘሩ አልጠየቀም።

«ግድ የለም፣ አያ ኑሀ። ሌሊቱን እንኳ ብንይዘው ነው። ይመርቁንና እንጀምር» አለ።

ኡሙሰልማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ኸኔ አፍ አይወጣም። ማንም አያውቅም። ይመርቋቸው» አለቻቸው። ቀኑን ሙሉ የነበረባት ቁጣ በድምፅዋ ውስጥ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

አያ ኑሀ ክትሩ ላይ ወጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት መቶ እጅ አብሯቸው ተዘረጋ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የአባታቸው ቃል፣ ሺህ ጊዜ ያሉት፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ «አሚን» ሊል ከንፈሩን አዘጋጅቷል። ይህን ሕዝብ በባዶ አፍ መርቄ ወንዝ ፊት ላቁመው? አሉ በልባቸው። አንዱ በምርቃቱ ተማምኖ እስከ መጨረሻው ቢቆምስ?

እጃቸውን አወረዱ።

«ዛሬ ቆቦ ላይ ምርቃቴን በጣቴ አንስቻለሁ» አሉ። «ለዶዘሩ ብዬ ነው። ዶዘሩም አልመጣ። ኸእንግዲህ ምርቃት የለኝም።»

የተዘረጋው እጅ ወዲያው አልወረደም። አንድ ሁለት ሰው ያልሰማ መስሎ እንደ ዘረጋ ቆየ። ከዚያ ሙህሲን እጁን አወረደ፤ ሌላውም አወረደ። የተቆጣ አልነበረም። ቢቆጡ ለአያ ኑሀ ይሻል ነበር። አካፋ በድንጋይ ላይ ሲጣል ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። ያለ ምርቃት ክትር የነካ ሰው በሀሮ ዲማ ታይቶ አይታወቅም ብያለሁ፤ ያን ቀንም አልታየም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ሙህሲን።

ከላይ፣ ከወንዙ አፍ በኩል፣ እርጥብ አፈር ሸተተ። አያ ኑሀ ያን ሽታ ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ከሽታው በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው። አፋቸው ምርቃት ባይኖረውም ዓይናቸው ውሃ ያውቃል። መንደሩን አንድ ጊዜ ቃኙት፤ የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደማይደርስ።

«ልጆቻችሁን ያዙ» አሉ። «ዕቃ አትፈልጉ። ወደ መቃብሩ ውጡ። አባቶቻችን ሙታን እንዳይወሰዱ ብለው የመረጡት ጉብታ ነው፤ እዚያ ውሃ አይደርስም።»

ሕዝቡ ወጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሀሮ ዲማ ሰው በሙሉ በመቃብሮቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ልጆች እንዳይረግጡ እየተቆጡ፣ ሽማግሌዎች ድንጋዩን ይቅርታ እየጠየቁ። አያ ኑሀ በመጨረሻ ደረሱ። ሙህሲን ቦታ ለቀቀላቸው፤ ተቀመጡ። የሚያናግራቸው አልነበረም፤ የሚሸሻቸውም አልነበረም።

ከዚያ ዲማ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ንፋሱ፣ ቀጥሎ ራሱ። የአሸዋው ቁልል አንዲት ደቂቃ እንኳ አልቆመም። በድንግዝግዙ ውስጥ ከታች የቆርቆሮ ጣሪያ ሲሰነጠቅ ጮኸ፤ የመጀመሪያው ቤት። ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበርና ማንም አልጠየቀም።

«የኔ ነው» አለች ኡሙሰልማ።